ሠላሳ አምስት ደቂቃ

ጧት ቁልፉን ሰጡኝ፣ የክፍል ሰባትን፣
የታሸገ ፖስታ፣ የጠረጴዛ ሰዓትን።
ዱሉት ላይ መጋቢት ገና በረዶ ነው፤
ሐይቁ አፉን አልከፈተም፣ እንደ ተኮረፈ ነው።
ሌሎቹ አዳራሽ ናቸው፣ ሁለት መቶ ራስ፤
እኔ ጋ አንዲት ልጅ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ እርሳስ።

ሊኔያ ሳንድቪክ። ከጫማዋ ውሃ ይንጠባጠባል፤
ከቁርስ ካርቶን የቆረጠችው ቀጭን ወረቀት
ከመስመሩ በታች ይሳባል።

ፊደል የቆጠረ ሲባል የተማረ ማለት ነው፤
እሷ ግን በእውነት ትቆጥራለች፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ሳንቲም፣
ሐሰተኛ ተቀላቅሎበታል ብሎ እንደሚጠረጥር ባለሱቅ።
ቢ ዞራ ዲ ትሆንባታለች፣ ዲ ዞራ ቢ፤
እያንዳንዷን ይዛ ወደ ብርሃን ታዞራለች።

የማመልከቻዋን ፋይል አውቀዋለሁ።
በአዘቦት ቀን የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ፤
ፎቶ ኮፒው እኔ ጋ ነው።
እናቷ ኮሪን ሌሊት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ትነዳለች፤
ሲነጋ፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያዋን ሳታወልቅ፣
ሰነዱን በዳቦ ላስቲክ ጠቅልላ ትመጣለች፦
የሦስተኛ ክፍል መምህሯ ማስታወሻ፣
የንባብ ነጥብ፣ የሐኪም ፊርማ፣
የሥነ ልቦና ምርመራ፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር።
ለእሱ ሲባል የበረዶ ሞተራቸው ተሸጠ፤
ጋራዡ ወለል ላይ የዘይት ምልክቱ ብቻ ቀረ።

መልስ መጣ። ግማሽ ገጽ።
«የተማሪዋ ውጤት ጥሩ ስለሆነ
ተጨማሪ ጊዜ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።»
ጥሩ ስለሆነ!
ጥሩ የሆነው በምን እንደሆነ ማን ጠየቀ?
እኩዮቿ በአንድ ሰዓት ለጨረሱት ምዕራፍ
የወጥ ቤቱ አምፖል እስከ ሌሊት ስንቴ ደመቀ?
ሳትሰምጥ ስለ ዋኘች ባሕሩ የለም ተባለ።

እኔስ ብሆን? እውነቱን ልናገር።
ድሮ እንዲህ እል ነበር፦ ሩጫ ሩጫ ነው፤
ለአንዱ የጨመሩለት ከሌላው የነሡት ነው።
ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤
ጊዜ ከሰጡትማ የማይሰብር ማን ይኖራል?
እንዲያ ነበር የማስበው፣
የኮሪንን ይግባኝ ማሽኑ ላይ እስካስቀምጥ ድረስ።

በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በትልልቁ፦
«ልጄ ቀስ ብላ አታነብም። ሦስት ጊዜ ታነባለች።
አንዴ ፊደሉን ለመያዝ፣ አንዴ ቃሉን ለመግጠም፣
አንዴ ሰውየው ምን እንዳለ ለመስማት።
እናንተ የምትቆጥሩላት አንዱን ነው።
የሁለቱን ዕዳ ክፈሏት።»

ማሽኑ ወረቀቱን ዋጠ፣ አሙቆ መለሰ።
አንድ ኮፒ ለራሴ አስቀረሁ፤ መብቱ የለኝም፣
ግን አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

የካቲት ማለቂያ ላይ ተፈቀደ። ኮሪን አላለቀሰችም።
«ሠላሳ አምስት ደቂቃ» አለች፣ ጓንቷን እያወለቀች፤
«በሠላሳ አምስት ደቂቃ ከወደቡ እስከ ሆስፒታሉ
መንገዱን ጠርጌ እጨርሳለሁ።»
ሌላ ምንም አላለች።

ዛሬ፣ ሰባኛው ደቂቃ ላይ፣ አዳራሹ ተከፈተ።
ሳቅ፣ የካፖርት ዚፕ፣ የመኪና በር።
ሊኔያ እርሳሷን ጣለች፤ እጇ ከወረቀቱ ላይ ተነሣ፣
እንደ ለመደችው፣ ሳይቀሟት ለመስጠት።
«ገና ነው» አልኳት።
አላመነችኝም። ሰዓቱን አየች፣ በሩን አየች፤
ቆይቶ ካርቶኗ ተሳበ፣ አንድ መስመር ወደ ታች።

ድንጋይ አልሰበረችም።
ገጽ ገለጠች፣ ከዚያ ሌላ ገጽ፣
አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አለች፤
ሰውየው ምን እንዳለ የሰማች ይመስለኛል።

ውጤቱን አላውቅም፤ ለፈታኝ አይነገርም።
አራት ደቂቃ ሲቀር እርሳሷን አስቀመጠች።
በተረፈ ጊዜ ምን እንደሚሠሩበት አታውቅም፣
ተርፏት አያውቅማ።
መስኮቱን ታያለች።
ውጭ አንድ መኪና ብርቱካናማ መብራቱን እያሽከረከረ
የተጠረገውን መንገድ ደግሞ ይጠርጋል።